ነሲባ ሙደሲር ልጄ አለመሆኗን ለተረዳሁበት የሞምባሳ ውሎ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የ«ሰባቱ ነፋሳት» መርከብ የእንግዶች እርካታ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት ባሕር

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በየትኛው ውቅያኖስ ላይ እንደሚያገኝዎ ባላውቅም፣ ባገኘዎት ስፍራ ሁሉ ማዕበሉ የተኛ፣ ቁርስዎ የሞቀ፣ ወገብዎና ጉልበትዎ ከሕመም የራቀ፣ መላው ቤተሰብዎም በአንድ ስም የሚጠራና በአንድ ገበታ የሚቀርብ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና አይደለሁም ብልም «ምን ሆንክ?» የሚለኝ ሰው ቤት ውስጥ ስለሌለ፣ ደህና መሆኑ ይቀለኛል።

ሥራ ስለሚበዛብዎ አያስታውሱኝም ይሆናል። ባለፈው ሚያዝያ መርከብዎ ሞምባሳ ላይ ለአንድ ቀን በቆመች ጊዜ፣ ወደቡ በር ላይ ግራጫ ኮት ለብሶ፣ ሰማያዊ ሻንጣ ታቅፎ፣ በዚያ ሙቀት እንደ ቅቤ ሲቀልጥ የዋለው ሽማግሌ እኔ ነኝ። ሙደሲር የሲን እባላለሁ። ፒያሳ ተወልጄ ፒያሳ ያረጀሁ፣ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ፋይል ሳወጣና ሳስገባ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ነሲባ የምትባል አንዲት ልጅ አለችኝ። በመርከብዎ ስድስተኛ ፎቅ ላይ የእንግዶቹን አልጋ የምታነጥፈው፣ ፎጣ አጣጥፋም ትራሳቸው ላይ ዝሆን ሠርታ የምታስቀምጥላቸው እሷ ናት። ካየኋት አራት ዓመት ሆኗል።

ኮቱን ለምን እንደለበስኩ ላስረዳ፤ የመርከቡ ሰዎች ሲሳሳቁበት አይቻለሁና። ባለቤቴ መዲና ሰዒድ፣ የነሲባ እናት፣ ባለፈው ኅዳር ወደ አኼራ ሄዳለች። ለነሲባ አልነገርኳትም ነበር። በእኛ አገር፣ ክቡር ሆይ፣ ሞት በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ኮታቸውን ደርበው፣ ማልደው ተሰብስበው ይሄዳሉ፣ ባለ መርዶውን ያስቀምጡታል፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ይይዘዋል፣ ከዚያ በኋላ ነው አፍ የሚከፈተው። ባሕር ላይ ላለች ልጅ ማን በግራ ማን በቀኝ ይይዝልኛል? ስለዚህ ዓይኗን እስካይ ድረስ ደበቅኋት። በደወለች ቁጥር እናቷ ወይ ሰላት ላይ ናት፣ ወይ እህቷን ልትጠይቅ ወሎ ወርዳ ኔትወርክ የለም፣ ወይ ጉሮሮዋ ተዘግቷል። ወላሂ፣ የአንዲት ሴት ጉሮሮ እንደ መዲና ጉሮሮ ተዘግቶ አያውቅም።

ድሮ ቢሆን ለውሸቱም ረዳት ነበረኝ። ሰፈራችን ለመንገድ ሲፈርስ ጎረቤቶቼ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተኑ፤ የእኔ ቤት ከመንገዱ መስመር በሁለት ክንድ ተረፈ። መትረፍ ይሉታል እንግዲህ። ከጊዮርጊስ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ድረስ ስወርድ ሰላምታ ስመልስ አፌን ይደክመኝ የነበርኩት ሰውዬ፣ አሁን አፌን ሳልከፍት ወርጄ ሳልከፍት እመለሳለሁ። ከጎረቤቶቼ የቀሩኝ ወይዘሮ የሺዓለም ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ካሉበት ሦስት ታክሲ ይዘው ነው የሚመጡት።

ወደ ምስጋናዬ ልለፍ። የመዝገብ ቤት ሰው ስለሆንኩ በቁጥር አደርገዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቅጹ አመሰግናለሁ። ነሲባ በመጋቢት ደውላ፣ መርከቧ ዓለምን ስትዞር አንድ ቀን ሞምባሳ እንደምትቆም፣ ቤተሰብ የመጣለት ሠራተኛም ቅጽ ከተሞላ ወደቡ ላይ ለሁለት ሰዓት ቤተሰቡን ማግኘት እንደሚፈቀድለት ነገረችኝ። «አባዬ፣ እማዬንም ይዘሃት ና» አለችኝ። እኔም ጉሮሮዋ ከተሻላት አልኳት። ጊዮርጊስ ጋ ካለው የኢንተርኔት ቤት ሄጄ ቅጹን ሞላሁ፤ ዘጠኝ ገጽ ነው፤ ስለ ጥርሴ ሳይቀር ይጠይቃል። ነሲባ በዚያ ቀን ወደ ከተማ የመውጫ ፈቃድ ነበራት። የጉብኝት ቅጽ በመሞላቱ ግን አንድ ሠራተኛ በአንድ ወደብ ሁለት መብት አያገኝም ተብሎ መውጫው ለሌላ ተሰጠ። ጉብኝቱ ሲሰረዝ ደግሞ መውጫው ተመልሶ አልመጣም። ልጄ ሁለት መብት ይዛ እንዳትባልግ ስትሉ አንዱንም ስላላስቀራችሁላት እግዜር ይስጥልኝ። «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

ሁለተኛ፣ ማን እንደሆንኩ ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ። በሩ ላይ የተቀበለችኝ ነጭ ሸሚዝ የለበሰች ጨዋ ልጅ ናት፤ ክፉ ቃል አልወጣትም። «የቤተሰብ ስም» የሚለውን ሳጥን በጣቷ እያሳየች፣ የሠራተኛዋ ሙደሲር፣ የእርስዎ የሲን፣ ስለዚህ ቤተሰብ አይደላችሁም አለችኝ። ከመዝገብ ቤት በተረፈችኝ እንግሊዝኛ፣ እሷ ሙደሲር የተባለችው እኔ ሙደሲር ስለሆንኩ ነው ብዬ አስረዳሁ። እሷም ያ የመጀመሪያ ስሜ እንጂ የቤተሰብ ስሜ እንዳልሆነ መልሳ አስረዳችኝ። በእኛ ዘንድ ልጅ የአባቷን ስም፣ አባት የአባቱን ስም፣ ሚስትም አግብታ ሳለ የአባቷን ስም ይዛ እንደምትኖር ነገርኳት። ባልናገር ይሻለኝ ነበር፤ ምክንያቱም ነሲባ ሙደሲር፣ ሙደሲር የሲን እና መዲና ሰዒድ በእናንተ መዝገብ ሦስት የማይተዋወቁ መንገደኞች መሆናችን የተረጋገጠው በዚህ ጊዜ ነው። የቀበሌውን ወረቀት አወጣሁላት፤ አገላብጣ አይታ ማኅተሙ ያምራል አለች። ነሲባን በሁለት ዓመቷ ትከሻዬ ላይ ተሸክሜ የተነሳሁትን ፎቶ አሳየኋት፤ እሱም ያምራል። ልጄ ደረቷ ላይ ለጥፋው የምትውለው ስም የእኔው ሆኖ ሳለ፣ ስሙ መርከብ ላይ ተሳፍሮ ባለ ስሙ በር ላይ ቀረ።

ሦስተኛው የሚመለከተው እርስዎን ሳይሆን እኔን ነው፤ ነገር ግን ቁጥር ሰጥቼዋለሁና አልሰርዘውም። ከብዙ ዓመት በፊት ወይዘሮ ንግስቲ የሚባሉ ሴት የሟች ባላቸውን ፋይል ፈልገው ወደ መዝገብ ቤታችን መጡ። ባላቸው በሰፈር መድኃኔ ነበሩ፤ በመዝገብ ግን አርአያ። ስሙ ስለማይገጥም ምስክር ይዘው እንዲመጡ ነገርኳቸው። ይዘው መጡ፤ ምስክሩ መታወቂያው ያለፈበት ነበር። ከድልድዩ እስከ አራት ኪሎ ያለውን ዳገት ሦስት ጊዜ በእግራቸው ወጡት፤ ሦስቱንም ጊዜ «ሕግ ነው፣ እናቴ» ብዬ መለስኳቸው፤ በአራተኛው አልመጡም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔ ሁለቱንም ነበርኩ። ያቺ ነጭ ሸሚዝ የለበሰች ልጅ ስትናገር የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነው። ወይዘሮ ንግስቲ በሕይወት ካሉና ይህን ካነበቡ ይቅር ይበሉኝ።

አራተኛ፣ ስለ ቅልጥፍናችሁ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ደጁ ላይ ሁለት ሰዓት ከቆምኩ በኋላ፣ አስቸኳይ ምክንያት ካለኝ በወረቀት ብገልጽ ጉዳዩ እንደገና ሊታይ እንደሚችል ተነገረኝ። እኔ ለበላይ ኃላፊ የምጽፍ መስሎኝ፣ የልጄን እናት ሞት በራሴ አፍ ልነግራት እንደመጣሁ፣ እሷ እንዳትሰማም አደራ ብዬ ጻፍኩ። በእኛ መዝገብ ቤት «በምስጢር» ተብሎ የተጻፈ ነገር በምስጢር ይያዝ ነበር። የእኔ ስህተት ይኸው ነው፤ እንደ ቤቴ ማሰቤ። ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ ገባች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፊቷ በርቶ ተመለሰችና፣ ችግሩ መፈታቱን፣ መልእክቱ ለሠራተኛዋ መድረሱን፣ ከእንግዲህ መግባት እንደማያስፈልገኝ አበሠረችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ወይዘሮ የሺዓለም ለዚህች መርዶ እኔን ሳምንት ሙሉ ሲያስጠኑኝ ሰንብተዋል። መጀመሪያ እቀፋት፣ ቀጥሎ አስቀምጣት፣ ዳቦ ቆሎውን አውጥተህ ትንሽ ትቅመስ፣ ከዚያ ሁለት እጇን ያዝ፤ እንዳትቸኩል፤ አንተ ቀድመህ እንዳታለቅስ ብለውኛል። በሻንጣዬ ውስጥ የመዲናን ሻሽ ይዤ ነበር፤ ነሲባ ፊቷን ደፍታበት እርሟን እንድታወጣ ብዬ ሳላሳጥበው ያኖርኩት ነው። እኔም እርሜን አላወጣሁም። ቤቴ በሰው በተሞላበት በዚያ ሳምንት ወሬው በስልክ እንዳይወጣ ስከላከል፣ ፎቶ እንዳይለጠፍ ስለምን፣ ሳላለቅስ ሰው ተበተነ። ሞምባሳ የመጣሁት ለእሷ ብቻ ብዬ አልነበረም። ከልጄ ጋር ላለቅስ ነበር የመጣሁት፤ ብቻዬን አልሆንልኝ ብሎ።

ይህን ሁሉ እናንተ በግማሽ ሰዓት፣ ራስጌው ላይ ዶልፊን በተሳለበት ወረቀት፣ ከፎጣ ጋሪዋ ላይ በማስቀመጥ ጨርሳችሁታል። ከታች «ከልብ አዝነናል» የሚል ታትሞበት እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ። ታትሞ የሚጠብቅ ሐዘን ያለው መሥሪያ ቤት አይቼ ስለማላውቅ ተደንቄያለሁ። ወረቀቱ ሲደርሳት ሰባት አልጋ ይቀራት ነበር፤ አንጥፋቸዋለች። እንግዶቹ ማታ ሲመለሱ ሰባት ዝሆን እንዳገኙ እርግጠኛ ነኝ።

አምስተኛ፣ ስለ ሽርሽሩ። ለደረሰብኝ መጉላላት ማካካሻ ተብሎ ደረቴ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፎ፣ ቁጥር ዐሥራ አራት ተብዬ፣ ከመርከቡ እንግዶች ጋር አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ። ለምን እንደወጣሁ ዛሬም አላውቅም። ፀሐዩ ከብዶኝ ነበር፤ ጆሮዬም አይሰማም ነበር፤ ሂድ ሲሉኝ ሄድኩ። እንግዶቹ ደጎች ናቸው። ቀሚሷን የበቀቀን ሥዕል የሞላው አንዲት አሮጊት ማራገቢያዋን ሰጠችኝ፤ ባሏ ከየትኛው ፎቅ እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ ስድስተኛ ላይ ሰው አለኝ አልኩት። «ስድስተኛማ ምርጥ ነው፣ ፎጣ ዝሆን የሚሠሩት እዚያ ነው» አለኝ። ስልኩን አውጥቶ የዝሆን ፎቶ አሳየኝ። ጆሮዎቹን ሰፋ አድርጋ ነበር የሠራቻቸው። ልጄን ሳላይ የልጄን ሥራ በሰው ስልክ ላይ አየሁና እንደማንኛውም እንግዳ «ያምራል» ብዬ መለስኩለት።

ከዚያ የዝሆን ጥርስ በሚመስሉ ትልልቅ ብረቶች ሥር አቁመው ፎቶ አነሱን፤ የኮኮናት ውኃ አጠጡን፤ የማንጎ ዛፍ፣ የድሮ ምሽግ፣ የተቀረጸ በር አሳዩን። አስጎብኚው ሁሉንም ሦስት ሦስት ደቂቃ ይሰጠው ነበር። በእያንዳንዱ ዘወር በሉ ሲባል እኔ የምዞረው ወደ ወደቡ ነበር፤ መርከብዎ እንደሁ ከየትም ትታያለች፤ ነጭ ናት፣ ከቤቶቹ ሁሉ ትበልጣለች። ስድስተኛውን ፎቅ ከታች ስቆጥርና ከላይ ስቆጥር አልገጥም እያለኝ ደጋግሜ ቆጠርኩት። በአሮጌው ከተማ አዛን ሲሰማ ከጉብኝቱ ተለይቼ አንዲት ትንሽ መስጊድ ገባሁ። ሰግደን ስንጨርስ አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ቢጫውን ወረቀት ከደረቴ ላይ ቀስ ብለው አነሱልኝና እጄን ጨበጡኝ። ቋንቋቸውን አላውቅም፣ የእኔንም አያውቁም። በዚያች አገር ያለ ቅጽ የነካኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ለስድስተኛው ቁጥር ልስጠው ብል እጄ እምቢ አለ፤ ስለዚህ እንዲሁ ይነበብ።

ማምሻውን መርከቧ ስትነሳ ባሕሩ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ አየኋት። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ በሙዚቃና በመብራት ነው የሄደችው። ጥቂት ቆይቶ ስልኬ ጮኸ፤ ነሲባ ናት። «አባዬ፣ ማን አብሮህ አለ?» አለችኝ። ሰው ሞልቷል አልኳት፤ ሐበሾች አግኝቻለሁ፣ ከብበውኛል፣ ሻይ እያጠጡኝ ነው አልኳት። «እኔም ጓደኞቼ አሉ፤ ብቻዬን አልተውኝም» አለችኝ። ከኋላዋ ግን የምንጣፍ መጥረጊያው ማሽን ሲያጓራ ይሰማኛል፤ ከእኔም ኋላ እሷ ከባሕሩ ሌላ ድምፅ እንዳልሰማች አውቃለሁ። ሁለታችንም አልተጋለጥንም። እናቷ ሳትመርቃት ኢድ አልፎ ስለማያውቅ፣ ምርቃቱ የቀረ ጊዜ እንደጠረጠረች ነገረችኝ። «ላንተ ብዬ ዝም አልኩ። አባቴ መጥቶ እስኪነግረኝ አላለቅስም ብዬ ነበር፤ ዛሬ ሲነጋ ፊቴን ታጥቤ ስጠብቅህ ነበር» አለች። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ይህን በግልጽ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን የሰሞኑ ነው። ነሲባ ወደ አገሯ ገብታ ለመቀመጥ የሐዘን ፈቃድ ጠይቃ፣ ሟቿ መዲና ሰዒድ ከሠራተኛዋ ጋር ያላቸው ዝምድና በስም ስላልተረጋገጠ ፈቃዱ እንዳልተሰጣት በዚያው ዶልፊን ባለበት ወረቀት ተነግሯታል። አልገባኝም፣ ክቡር ሆይ። መርዶውን ስታደርሱ መዲና እናቷ ነበረች፤ ፈቃድ ሲጠየቅ ባዕድ ሆነች። ስላላጣራችሁት ዝምድና ልጄን አስለቅሳችኋል፤ ስላጣራችሁት ደግሞ እንዳትመጣ ከልክላችኋታል። ከሁለቱ አንዱን ምረጡልኝ። እናቷ ካልሆነች «ተሳስተናል፣ እናትሽ አልሞተችም» ብላችሁ ጻፉላት። እናቷ ከሆነች ልጄን ላኩልኝ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ሁለት ሳምንት ቢበቃን ነው። ወይዘሮ የሺዓለም በግራ ይይዟታል፣ እኔ በቀኝ።

ሻሹ አሁንም አልታጠበም።

ለአክብሮትዎ፣ ለቢጫው ወረቀት፣ ለኮኮናቱ ውኃ፣ ከሁሉም በላይ በግማሽ ሰዓት ለተፈታው ችግሬ ያለኝን ጥልቅ ምስጋና እየገለጽኩ፣ ቀጣዩ ወደብዎ የተረጋጋ፣ እንግዶችዎም እርካታቸው የተሟላ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በመዝገባችሁ ማንም ያልሆንኩት እኔ በታላቅ ትሕትና እሰናበትዎታለሁ።

ሙደሲር የሲን
የመጀመሪያ ስሜ ሙደሲር፣ የቤተሰብ ስሜ ነሲባ
ፒያሳ፣ ብቻውን ከቀረው ቤት

ተጨማሪ፦ የሞምባሳ ቆይታዬን ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ እንድሰጥ የላካችሁልኝ መጠይቅ ደርሶኛል፤ የቤተሰብ ስም ስለሚጠይቅ መሙላት አልቻልኩም። ሌላው ነገር፣ ነሲባ እንደነገረችኝ አለቆቿ ፎጣ ባነሰ፣ አልጋ በዘገየ ቁጥር በቀን ሃያ ጊዜ «ሚስ ሙደሲር» እያሉ ይጠሯታል። ይህ የእኔ ስም ነው። እየጠራችሁ ያላችሁት እኔን ነው። እኔም እዚህ ቤት ውስጥ ሌላ የሚጠራኝ ስለሌለ፣ ብቻዬን ቁጭ ባልኩበት አንዳንዴ የጠራኝ ሰው ያለ ይመስለኝና «አቤት» እላለሁ።